ኦል ኢን ብዬ ተበላሁ፦ በፖከር ውድድር ስለ መጥፎ ዕድል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዙሪያ ከምንኖር ሐበሾች መካከል ቅዳሜና እሑድ ወደ ሜሪላንድ ካሲኖዎች ወርደን ፖከር የምንወዳደር ጥቂት አይደለንም። ከውድድር ተሰናብቶ ወደ ቡና ቤት የሚመጣ ሰው ገና ወንበር ሳይስብ የሚጀምረው ወሬ አንድ ነው፤ «ሁለት ኤስ ይዤ፣ በመጨረሻዋ ካርታ...»። ይህን ወሬ ከሚያወሩት አንዱ እኔ ነኝ። ጥያቄዎቹ ሲደጋገሙብኝ መልሴን እዚህ ሰበሰብኩት። የምናገረው ስለ ቴክሳስ ሆልደም ውድድር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ድብቅ ካርታ የሚታደልበትና አምስት የጋራ ካርታ ጠረጴዛው ላይ የሚገለጥበት ጨዋታ። በጥሬ ገንዘብ ጨዋታ የተበላ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ቺፕ ይገዛል። በውድድር ግን ዳግም የመግቢያው ሰዓት ካለፈ ቺፑ ያለቀበት ወደ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ሕመሙም ስሌቱም ሌላ ነው። ኦል ኢን (ያለን ቺፕ ሁሉ ማስገባት)፣ ፎልድ (እጅን ጥሎ መሸሽ)፣ ኮል (የሌላውን ውርርድ መከተል)፣ ፖት (መሐል የተጠራቀመው ቺፕ) የሚሉትን ቃላት ጠረጴዛው ላይ ሁላችንም እንደምንላቸው ትቻቸዋለሁ።

«ባድ ቢት» የሚባለው የትኛው ሽንፈት ነው?

ቺፑ በገባበት ሰዓት በግልጽ እየመራችሁ ከነበረና ከዚያ በኋላ የወጣ ካርታ ነገሩን ከገለበጠው፣ እሱ ባድ ቢት ነው። ሌላው ሽንፈት ሌላ ስም አለው።

በ2010 የወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋና ውድድር ማት አፍሌክ ሁለት ኤስ፣ ጆናታን ዱሃሜል ሁለት ጃክ ይዘው ተገናኙ። ጠረጴዛው ላይ 10፣ 9፣ 7 እና ኩዊን ተገልጠዋል፤ የቀረው አንድ ካርታ ብቻ ነው። አፍሌክ ኦል ኢን አለ። ዱሃሜል ብዙ አስቦ ተከተለው። የሚያድኑት ካርታዎች አራቱ 8፣ አራቱ ኪንግና ሁለቱ ጃክ ነበሩ፤ በድምሩ 10። ከቀሩት 44 ካርታዎች 10 ማለት ወደ 23 በመቶ ነው። የመጣው 8 ሆነ። አፍሌክ 15ኛ ሆኖ ወጣ፣ ዱሃሜል ውድድሩን አሸንፎ 8.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወሰደ። ይህ እንግዲህ ባድ ቢት ነው። አፍሌክ ቺፑን ያስገባው 77 በመቶ እየመራ ነው፤ ያ እጅ ነገ እንደገና ቢደርሰው እንደገና ማስገባት አለበት።

ሁለት ኪንግ ይዛችሁ ከሁለት ኤስ ጋር ብትጋጩስ? ያ ባድ ቢት አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ትመሩ አልነበረም። ተጫዋቾች «ኩለር» ይሉታል፤ ማንም ሰው በእናንተ ቦታ ቢሆን የሚበላበት እጅ ነው። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ኪንግ ኪንግ ሲደርሳችሁ ከቀሩት ስምንት ሰዎች አንዱ ኤስ ኤስ የመያዙ ዕድል ወደ 4 በመቶ ነው። በዚህ ፍርሃት ኪንግ ኪንግ ፎልድ የሚያደርግ ሰው ከኤስ የሚያመልጠው 4 ጊዜ ነው፤ 96 ጊዜ ግን ከገበያው ሳይገዛ ይመለሳል።

ኤስ-ኪንግ ይዛችሁ ከኩዊን ኩዊን ጋር ተጋጥማችሁ መበላትም ሳንቲም ወርውሮ መሸነፍ ነው እንጂ ግፍ አይደለም። አራተኛው ዓይነት ደግሞ አለ፤ ስለ እሱ ማንም አያወራም። ኤስ-9 ይዞ ሳያስፈልግ የሰው ኦል ኢን መከተልና ኤስ-ጃክ ሲገጥም «ዕድሌ!» ማለት። ቡና ቤታችን ከሚሰማቸው የዕድል ወሬዎች ብዙዎቹ፣ የራሴን ጨምሮ፣ ከዚህኛው ወገን ናቸው። ስለዚህ ለተበላ ሰው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ቺፑ ሲገባ ስንት በመቶ ነበርክ?

ኤስ ኤስ ሲደርሰኝ ሁልጊዜ የምበላው ለምንድን ነው?

ሁልጊዜ አትበሉም፤ የተበላችሁበትን ብቻ ነው የምታስታውሱት። ኤስ ኤስ በአማካይ በ221 እጅ አንድ ጊዜ ይመጣል። ካሲኖ ውስጥ በሰዓት 30 እጅ ያህል ስለሚታደል፣ ሰባት ሰዓት ተቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ብታገኙት ነው። እንዲህ ተጠብቆ የመጣ እንግዳ ሲሞትባችሁ ሐዘኑ ቢከብድ አይገርምም።

ቁጥሩም ከምናስበው ያነሰ ነው። ኤስ ኤስ ከኪንግ ኪንግ ጋር ኦል ኢን ቢሆን የሚያሸንፈው ወደ 82 በመቶ ነው። ከአምስት ጊዜ አራቱን እንበል። አሁን በአንድ ውድድር ውስጥ አምስት ጊዜ ኦል ኢን ገብታችሁ፣ አምስቱንም ጊዜ 80 በመቶ እየመራችሁ ነበር እንበል። አምስቱንም የማሸነፍ ዕድላችሁ 33 በመቶ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ሁሉን ነገር በትክክል ሠርቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳት፣ ከሦስት ቀን ሁለቱን አንዱ ቦታ ላይ ይመታል። ያን ቀን ማን እንደጎዳችሁ ብትፈልጉ ማንንም አታገኙም።

በቃሌ መያዝ ያለብኝ ቁጥሮች አሉ?

ጥቂት ናቸው። ትልቅ ጥንድ ከትንሽ ጥንድ ጋር ሲጋጠም 80 ለ20 ገደማ ነው። ኤስ-ኪንግ ከኤስ-ኩዊን ጋር፣ ማለትም አንዱ ካርታ የጋራ ሆኖ የሌላው ሲያንስ፣ 3 ለ1 ነው። ጥንድ ከሁለት ትልልቅ ካርታዎች ጋር፣ ለምሳሌ ጃክ ጃክ ከኤስ-ኪንግ ጋር፣ 55 ለ45 አካባቢ ይውላል። ሰው የሚሳሳተው ኤስ-ኪንግ ከ7-6 ጋር ሲገጥም ነው፤ «7-6 ይዞ ተከተለኝ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሒሳቡ ግን 60 ለ40 ነው። 7-6 ካሰቡት በላይ ሕያው እጅ ነው። ፍሎፕ ላይ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ሲገለጡ) የአንድ ቀለም አራት ካርታ፣ ለምሳሌ አራት ልብ፣ ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው ሁለት ካርታ ሲቀረው 35 በመቶ፣ አንድ ካርታ ሲቀረው 20 በመቶ ያህል አለው። እነዚህን የያዘ ሰው ከተበላ በኋላ የሚያዝንበትን መጠን ያውቃል።

በራሴ ኦል ኢን ማለትና የሌላውን ኦል ኢን መከተል ምን ለየው? ሁለቱም ያው ቺፑን ማስገባት አይደለም?

አይደለም፤ ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ቀድሞ የሚገፋ ሰው ሁለት የማሸነፊያ መንገድ አለው፤ ወይ ሌሎቹ ፎልድ ያደርጋሉ፣ ወይ ተከትለውት በካርታ ያሸንፋል። የሚከተል ሰው ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ካርታው ማሸነፍ አለበት።

በቁጥር እንየው። ብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስይዙት) 1,000 እና 2,000 ነው፤ ትልቁ ብላይንድ ሌላ 2,000 አንቲ (ተጨማሪ የግድ መዋጮ) ከፍሏል። እኔ በተን ላይ (ከሁለቱ ብላይንዶች በፊት በመጨረሻ የሚወስነው ወንበር) ሆኜ 16,000 ቺፕ አለኝ፣ ማለትም 8 ትልቅ ብላይንድ። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ፎልድ አድርገዋል። ፖቱ ውስጥ 5,000 ተቀምጧል። ኦል ኢን ብል ከኋላዬ ያሉት ሁለቱ ከ100 ጊዜ 60ውን ይሸሻሉ እንበል፤ ትልቁ ብላይንድ በተከተለኝ ጊዜ ደግሞ እኔ ኋላ ሆኜ 40 በመቶ ብቻ አለኝ እንበል። ሲሸሹ ቺፔ 21,000 ይሆናል። ሲከተለኝ ፖቱ 35,000 ስለሚሆን የኔ ድርሻ በአማካይ 14,000 ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ 18,200 ይመጣል። ፎልድ ባደርግ 16,000 ላይ ነኝ። እንግዲህ በደካማ እጅ፣ ያውም ሲከተሉኝ እየተመራሁ፣ መግፋቱ 2,200 ቺፕ አተረፈልኝ። ትርፉ የመጣው ካርታው ሳይገለጥ ከሸሹት ሰዎች ነው።

ያንኑ 40 በመቶ ይዤ የሌላ ሰው ኦል ኢን ብከተልስ? የሚሸሽልኝ የለም። ብላይንዱ 500 እና 1,000፣ አንቲው 1,000 ሆኖ አንዱ 10,000 ይዞ ኦል ኢን ቢል፣ እኔ ትልቁ ብላይንድ ላይ ከሆንኩ ፖቱ 12,500 ነው፤ የምጨምረው 9,000። 9,000ን ለ21,500 ሳካፍለው 42 በመቶ ያህል ይመጣል። ከዚያ በታች ከሆንኩ ፎልድ ማድረግ አለብኝ። ተከትዬ ብበላ ዕድሌን አልወቅስም።

ቺፔ እያነሰ ሲመጣ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ብጠብቅ አይሻልም?

ሳይቃጠል በቅጠል። 10 ትልቅ ብላይንድና ከዚያ በታች ሲቀር ምርጫው ሁለት ነው፤ ኦል ኢን ወይም ፎልድ። ጥቂት አስይዞ ፍሎፕ ማየትና ከዚያ መሸሽ ቀስ ብሎ መሞት ነው።

ቀላል መለኪያ አለ፤ በፖል ማግሪኤል ስም «ኤም» ይባላል። ቺፓችሁን ለአንድ ዙር ብላይንድና አንቲ ድምር ታካፍላላችሁ። ከላይ በነበረው ምሳሌ 16,000 ለ5,000 ሲካፈል 3.2 ነው፤ ምንም ሳልጫወት ብቀመጥ ሦስት ዙር እኖራለሁ ማለት ነው። ትልቁ ችግር ግን መሞቱ ላይ ሳይሆን ቺፓችሁ ማስፈራቱን ማጣቱ ላይ ነው። 8 ብላይንድ ይዛችሁ ስትገፉ ሰው ያስባል። 2 ብላይንድ ይዛችሁ ስትገፉ ትልቁ ብላይንድ ካርታውን ሳያይ እንኳ ይከተላችኋል። ያን ጊዜ ኤስ ኤስ ቢመጣና ብታሸንፉ ያላችሁ 5 ብላይንድ ነው። ሲጠብቁ ሲጠብቁ በመጨረሻ 9-4 ይዘው የወጡ ሰዎች «ካርታ አልመጣልኝም» ይላሉ። የሚገፉበት ወንበርማ መጥቶላቸው ነበር።

ሽልማት ሊጀመር አንድ ሰው ሲቀር ጥሩ እጅ ቢመጣ ልከተል?

«በብል» የሚባለው ሰዓት ይህ ነው። በሌላ ጊዜ ትክክል የነበረው እዚህ ላይ ስሕተት ይሆናል።

አራት ሰው ቀርቷል እንበል፤ እያንዳንዱ 5,000 ቺፕ አለው። ሽልማቱ ለሦስት ሰው ነው፦ 50፣ 30 እና 20 ዶላር። ሁሉም እኩል ስለሆኑ የእያንዳንዱ ወንበር ዋጋ 25 ዶላር ነው። አንዱ ኦል ኢን አለ፤ እኔ ብከተልና ባሸንፍ 10,000 ቺፕ ይኖረኛል። ቺፔ እጥፍ ሆነ፤ የወንበሬ ዋጋስ 50 ዶላር ይሆናል? አይሆንም። አንደኛ የመውጣት ዕድሌ ግማሽ፣ ሁለተኛ የመውጣት ሲሶ፣ ሦስተኛ የመውጣት ስድስተኛ እጅ ነው፤ ሲሰላ 38 ዶላር ከ33 ሳንቲም። እንግዲህ 25 ዶላር አስይዤ የማገኘው 38.33 ነው። ይህ እንዲያዋጣኝ 65 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልገኛል። ይህ ስሌት በተጫዋቾች ዘንድ «አይሲኤም» ይባላል።

65 በመቶ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልብ በሉ። ጃክ ጃክ ከኤስ-ኪንግ ጋር 57 ነው፤ አይበቃም። ተቃዋሚያችሁ ካርታውን ሳያይ እንኳ ቢገፋ፣ የተለያየ ቀለም ያለው ኤስ-ኪንግ ልክ 65 ላይ ነው፤ ጠርዝ ላይ። በብል ላይ በጥንድ 5 የሰው ኦል ኢን ተከትሎ መውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የሳንቲሙ ሌላ ገጽታም አለ። እናንተ ለመከተል 65 ካስፈለጋችሁ፣ ሌላውም እናንተን ለመከተል ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት የሚያዋጣው መግፋት ነው፣ በተለይ ብዙ ቺፕ ላለው። ሽልማቱ እኩል የሆነበት፣ ለምሳሌ አምስት የትልቅ ውድድር መግቢያ ቲኬት የሚሰጥበት ሳተላይት ላይ፣ ኤስ ኤስን እንኳ ፎልድ ማድረግ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ስናገር ቡና ቤቱ ውስጥ ያላበደብኝ ሰው የለም፤ ቲኬቱ ግን ብዙ ቺፕ ስለያዙ አይጨምርም።

ሦስት ሰው ኦል ኢን ሲሆን ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል?

አንዱ 3,000፣ ሁለተኛው 8,000፣ ሦስተኛው 10,000 ቢኖራቸው ዋናው ፖት 9,000 ነው፤ ሦስቱም ይወዳደሩበታል። ከዚያ በላይ ያለው 10,000 የሁለቱ ብቻ ነው። የተረፈው 2,000 ለባለቤቱ ይመለሳል። በውድድር ሕግ ኦል ኢን ያለ ሰው ካለና ሌላ የሚጨመር ቺፕ ከሌለ ሁሉም ካርታውን ይገልጣል። ሁለቱ ሰዎች ሦስተኛውን ለማስወጣት «አንወራረድ፣ እንለፍ» ብለው በቃል መስማማት ግን ክልክል ነው።

ክፉኛ ከተመታሁ በኋላ ምን ላድርግ?

አንድ ታሪክ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእሑድ ውድድር ኪንግ ኪንግ ይዤ ነበር፤ አንዱ ኤስ-6 ይዞ ኦል ኢን አለ፣ ተከተልኩት፣ ኤስ ወጣ። ለሁለት ዓመት ያህል ያን ውድድር ለሰው ስነግር «ኤስ-6 አወጣኝ» እያልኩ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ «ያ ሰውዬ ከአንተ ያነሰ ቺፕ ነበረው አላልክም እንዴ? ታዲያ እንዴት አወጣህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱ ይህ ነው፤ ከዚያ እጅ በኋላ 14 ትልቅ ብላይንድ ቀርቶኝ ነበር። ሦስት እጅ ቆይቼ፣ ፊቴ እየጋለ፣ ኪንግ-8 ይዤ ገና ከመጀመሪያው ወንበር ኦል ኢን አልኩ። ያወጣኝ እሱ ነው። ዕድል የወሰደብኝ የቺፔን ግማሽ ያህል ነው፤ ቀሪውን እኔ ራሴ አስረከብኩ።

ይህን ስሜት ተጫዋቾች «ቲልት» ይሉታል። ሰው ሁሉ የሚገባበት መንገድ የተለያየ ነው፤ አንዱ ይናደድና ሁሉን ይገፋል፣ ሌላው ይፈራና ሁሉን ይሸሻል። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ስለሆነ አይታወቅም። የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ከተመታሁ በኋላ ቺፔን እቆጥራለሁ፣ ግን በብላይንድ። «40,000 ነበረኝ፣ 14,000 ቀረኝ» ስል ሐዘን ነው፤ «14 ብላይንድ አለኝ» ስል ግን የታወቀ ሁኔታ ነው፣ ምን መደረግ እንዳለበት የታወቀ። ሁለተኛ፣ ብላይንድ የማልከፍልበት ቦታ ላይ ከሆንኩ ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ፤ ሁለት እጅ ቢያመልጠኝ ምንም አይደል። ሦስተኛ፣ ስልኬን አላነሳም። የባድ ቢቱን ታሪክ ለጓደኛ መጻፍ ከጀመርኩ እሳቱ እንዳይጠፋ ማገዶ እየጨመርኩ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የቀረው ግን ገና ማሰሮው ውስጥ ነው።

በ1982 ጃክ ስትራውስ በወርልድ ሲሪስ ዋና ውድድር ቺፑ ሁሉ የተበላ መስሎት ሊነሣ ሲል አንድ የ500 ቺፕ ጠረጴዛው ላይ ቀርታ ተገኘች ይባላል። በዚያች ቺፕ ቀጥሎ ውድድሩን አሸነፈ። ተጫዋቾች «አንድ ቺፕና አንድ ወንበር» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ታሪኩ ሲነገር ተጋንኖ ይሆናል፤ ማሸነፉ ግን የተመዘገበ ነው።

በማይረባ እጅ ተከትሎኝ ያሸነፈውን ሰው ስሕተቱን ልንገረው?

ለምን? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ያ ሰው 25 በመቶ ይዞ ኦል ኢናችሁን የሚከተል ከሆነ የእናንተ ገቢ እሱ ነው። ካስተማራችሁት ይማራል፤ ካዋረዳችሁት ተነሥቶ ይሄዳል። «ጥሩ እጅ» ብላችሁ ቺፑን ግፉለት። ፊል ሄልሙት በባድ ቢት ላይ በሚያሳየው ቁጣ የታወቀ ነው፤ ለአሸናፊ የሚሰጡ 17 የወርልድ ሲሪስ አምባሮች አሉት። 17 እስኪኖራችሁ ድረስ ግን ቁጣውን ለእሱ ተዉለት።

ገደ ቢስ ወንበር ወይም ገደ ቢስ አዳይ አለ? ቦታ ብቀይርስ?

እናቴ ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ ያገኘችውን ሰው ገድ የምታይ ሴት ነበረች፤ ስለዚህ በዚህ ነገር አልስቅም። ካርታው ግን ከተበወዘ በኋላ ማን እንዳደለው አያውቅም። አንድ አዳይ ሲመጣ «ይቺ አትወደኝም» የሚለው ሐሳብ የሚጎዳችሁ በሌላ በኩል ነው፤ እሷ በተቀመጠችበት ግማሽ ሰዓት መግፋት ያለባችሁን አትገፉም።

ወንበር ግን ሌላ ትርጉም አለው። ብዙ ቺፕ ያለውና ብዙ የሚገፋው ሰው በስተግራችሁ ከተቀመጠ፣ ከእናንተ በኋላ ስለሚወስን በእርግጥ ወንበራችሁ መጥፎ ነው። በውድድር ወንበር አይመረጥምና ምንም ማድረግ አትችሉም፤ የምትገፉትን እጅ ማጥበብ እንጂ።

ኢንተርኔት ላይ ባድ ቢት የሚበዛው ተጭበርብሮ ነው?

በሰዓት የምታዩት እጅ ከካሲኖው ሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ አራት ጠረጴዛ ከከፈታችሁ ስምንት እጥፍ። የምታዩት ጉድም በዚያው ልክ ይበዛል። ማጭበርበር ኖሮ አያውቅም አልልም። በ2007 እና በ2008 በአብሶሉት ፖከርና በአልቲሜት ቤት ላይ የወጣው ቅሌት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን እዚያ የተደረገው የመጨረሻዋን ካርታ መቀየር አልነበረም፤ የውስጥ ሰዎች የሌላውን ተጫዋች ድብቅ ካርታ ያዩ ነበር። የተጠረጠሩትም ማመን በሚያዳግት መጠን በማሸነፋቸው ነው። የሚፈራው ያ ዓይነቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ባድ ቢት የቱ ነው?

በኔ ፍርድ የ2014ቱ። የመግቢያ ዋጋው 1,000,000 ዶላር በነበረ ውድድር ላይ ኮነር ድሪናንና ኬሪ ካትዝ ሁለቱም ኤስ ኤስ ይዘው ኦል ኢን ተገናኙ። 95 በመቶ ከሚበልጠው ጊዜ ፖቱ እኩል ይከፈላል። አራት የልብ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ የልብ ኤስ ያለው ካትዝ ነበር። ድሪናን 2 በመቶ ብቻ በሚሆን ነገር ሚሊዮን ዶላር የገባበትን ውድድር ለቀቀ።

ታሪክ የቀየረው ግን የ2003ቱ ነው። ክሪስ መኒሜከር ኤስ-ኩዊን፣ ፊል አይቪ 9-9 ይዘው ኩዊን፣ ኩዊን፣ 6 ወጣ፤ ከዚያ 9 መጣና አይቪ መራ። መኒሜከርን የሚያድኑት ከ44 ካርታዎች 7ቱ ብቻ ነበሩ፤ 16 በመቶ። ኤስ ወጣ። አይቪ 10ኛ ሆኖ ከመጨረሻው ጠረጴዛ በአንድ ቦታ ቀረ። በ86 ዶላር ሳተላይት የመጣው የሒሳብ ሠራተኛ 839 ሰው የተወዳደረበትን ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2006 የተወዳዳሪው ቁጥር 8,773 ደረሰ፤ እንደሱ ላድርግ ያለው ብዛት ነው። ያቺ ካርታ ሌላ ብትሆን ኖሮ እኔም ምናልባት እሑድ እሑድ ቤቴ ነበርኩ።

ስንት ውድድር ከተበላሁ በኋላ ነው «ዕድል አይደለም፣ እኔ ነኝ» የምለው?

በትልልቅ ውድድሮች ሽልማት የሚያገኘው ከመቶ 15 ያህል ነው። የእናንተም ዕድል 15 በመቶ ቢሆን፣ 10 ተከታታይ ውድድር ባዶ እጅ የመመለስ ዕድላችሁ 20 በመቶ ነው፤ 20 ተከታታይ ደግሞ 4 በመቶ ያህል። ስለዚህ አሥር ጊዜ ባዶ መመለስ ምንም አይነግራችሁም። መልሱን ከውጤቱ አታገኙትም፤ ከማስታወሻ ታገኙታላችሁ። የወጣችሁበትን እጅ፣ የቀራችሁን ብላይንድ፣ ቺፑ ሲገባ የነበራችሁን በመቶኛ ጻፉ። ከ30 ውድድር በኋላ ገልጣችሁ እዩት። የኔን ስገልጠው ከ30 መውጫዎች እየመራሁ የተመታሁት 9 ነበር። የቀረው ሳንቲም፣ ኩለር እና ኪንግ-8 ነው።

ገንዘቡስ? ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሆኗል።

ከላይ ያለው ሒሳብ የሚሠራው የመግቢያው ገንዘብ ተበልቶም ቤት ለማይጎድልበት ሰው ብቻ ነው። የቤት ኪራይ፣ አገር ቤት የሚላክ ወይም ዕቁብ የሚጣልበት ገንዘብ ወደ ጠረጴዛው ከመጣ ጥያቄው የፖከር መሆኑ አብቅቷል፤ በ80 በመቶ እየመሩ ከሦስት ቀን ሁለቱን የሚመቱበት ጨዋታ የወር ወጪ አይችልም። የጠፋውን ለመመለስ ተብሎ የሚገባበት ውድድርም እንደዚሁ። አሜሪካ ያላችሁ በ1-800-426-2537 ደውላችሁ በነፃ ማማከር ትችላላችሁ፤ ማን እንደሆናችሁ መናገር ግዴታ አይደለም። እኔ ከባለቤቴ ጋር የተስማማሁት በወር ሁለት ውድድር ነው፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ካርዴን ቤት ትቼ።

የባድ ቢት ታሪኬን ለማን ልናገር?

የኛ ቡና ቤት ሕግ አለው። ተናጋሪው መጀመሪያ «ቺፑ ሲገባ ስንት በመቶ ነበርኩ» ብሎ መጀመር አለበት። ከ70 በላይ ከሆነ ሁላችንም ዝም ብለን እናዳምጣለን፣ ከንፈርም እንመጣለን። ከ70 በታች ከሆነ የጠረጴዛውን ማኪያቶ ሁሉ ይከፍላል። ባለፈው ወር አንዱ 68 ነው ብሎ ሲከራከር ስልክ ወጥቶ ተሰላ፤ 57 ሆነ። አምስት ማኪያቶ ከፈለ። እኔ የሁለት ዙር ዕዳ አለብኝ።